የወሰን ድንጋይ በሁለት ፎቶ

በየዓመቱ ጳጉሜ ሲገባ አንድ ነገር እመርጣለሁ፤ ማንም ያላዘዘኝን፣ ዓመቱን ሙሉ ለራሴ ብዬ ብቻ የማነሳውን። መሐል ሜዳ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ነው። ሰው ይመጣል፣ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ይቀመጣል፣ አንገቱን አቃናለታለሁ፣ "አይንቀሳቀሱ" እላለሁ፣ አለቀ። ዓይኔ በዚህ እንዳይደነዝዝ ብዬ ነው የዓመት ሥራ መምረጥ የጀመርኩት። አንድ ዓመት የሱቅ በሮችን አነሳሁ። በሌላው ዓመት ገበያ ላይ የበግ ፀጉር የሚፈትሉ ሴቶችን እጅ ጀምሬ ነበር፤ ሴቶቹ "እጃችንን ምን ልታደርጊው ነው?" እያሉ ነጠላቸው ውስጥ ሲደብቁብኝ ተውኩት።

ባለፈው ጳጉሜ የመረጥኩት ግን ቀላል መሰለኝ። አንድ ቦታ፣ ከአንድ መቆሚያ ላይ፣ በየወሩ አንድ ጊዜ። አሥራ ሦስት ወር፣ አሥራ ሦስት ፎቶ። ዛፍና ድንጋይ እጁን አይደብቅም ብዬ ነው።

ቦታውን ለመወሰን ኮምፒውተሬ ውስጥ የተጠራቀሙትን የድሮ ፎቶዎች ማገላበጥ ያዝኩ። ውጭ ጉም ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት እንኳ አይታይም፤ ደንበኛም የለም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ፣ ከታላቅ ወንድሜ ቤት ጀርባ አውድማው ጠርዝ ላይ ቆሜ ያነሳኋቸው ሁለት ፎቶዎች ላይ ዓይኔ አረፈ። አንዱ የዛሬ ሦስት ዓመት ጥር ላይ፣ የወንድሜ ልጅ ስትዳር የተነሳ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ በመጣው ዓመት ፋሲካ። በሁለቱም ላይ የወንድሜ የገብስ ማሳ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከግርጌው አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ አጠገብ የእሱን ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ የሚለየው የወሰን ድንጋይ ቆሟል።

ቦታዬን አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ድንጋዩን አየሁት። በሠርጉ ፎቶ ላይ ከኮሶው ወዲህ ነው። በፋሲካው ፎቶ ላይ ከኮሶው ወዲያ ነው።

አጎላሁት። ሌንሱ ይሆናል አልኩ፤ ሌንሱ አንድ ነው። የቆምኩበት ቦታ ይሆናል አልኩ፤ ከሩቅ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በሁለቱም ላይ ከአንዱ ቅርንጫፍ ሥር ነው ያለው። የተንቀሳቀሰው ድንጋዩ ብቻ ነበር፤ ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ያህል፣ ወደ ጎረቤቱ መሬት።

ጎረቤቲቱ ደግሞ እማሆይ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ ልጅ የሌላቸው፣ የእናቴ ወዳጅ የነበሩ ሴት። ማሳቸውን ወንድሜ ነው ለእኩል የሚያርስላቸው። በእኛ አገር በግ የሰረቀ ሰው ይታረቃል፤ ድንበር የገፋ ሰው ግን ክፉ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልጨረስኩም ነበር፤ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ዛሬም ጋሼ ነው የምለው። ይህን ሰው ድንበር ገፊ ነው ብዬ ለማመን አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። ከዚያ በኋላማ ማስረጃው ራሱ እየመጣ ይቆለልልኝ ጀመር። በዚያ ፋሲካ ወደ እማሆይ ወርጄ እንኳን አደረስዎ ልበል ስለው "ጭቃ ነው፣ ይቅርብሽ" ብሎኝ ነበር። ጭቃ እንዳልነበረ ፎቶው ላይ አየሁ። ሚስቱን ስለ መሬቱ ደብተር አንድ ጊዜ ብጠይቃት ወጥ አረረብኝ ብላ መነሳቷ ትዝ አለኝ። ወጡ ያን ቀን ማረር አለማረሩን ግን አላስታውስም።

ለዘመን መለወጫ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሚኒባሱ ከጣለኝ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። በበዓሉ ጠዋት አውድማው ጠርዝ ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ፎቶ አነሳሁ። ወንድሜ ከኋላዬ መጣ።

"ምን እያነሳሽ ነው?"

"ኮሶውን።"

"ኮሶው ዛሬ ነው የበቀለው?"

"ለራሴ ነው ጋሼ። በየወሩ እየመጣሁ ላነሳው አስቤያለሁ።"

"በየወሩ?" አለና አየኝ። "ለእናታችን ተዝካር እንኳ ሁለት ጊዜ ተልኮብሽ ነው የመጣሽው። ለኮሶ በየወሩ?"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ስለ ድንጋዩ ያን ጊዜ ብጠይቀው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልጠየቅሁም፤ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ፈልጌ ነበርና።

በጥቅምት ሳልናገር መጣሁ። ወንድሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አውድማው ላይ ተቀምጦ ያወራ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ሦስቱም ዝም አሉ። ሰላምታ ተለዋውጠን ሽማግሌዎቹ ቶሎ ተነሱ። ፎቶዬን አነሳሁ። ሚስቱ ቆሎ አቀረበችልኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ከተማ ውስጥ የምታውቂው ጠበቃ አለ እንዴ?" አለችኝ።

"የለም። ምነው?"

"እንዲያው ነው። ሰው ሲያወራ ሰምቼ።"

መንገዱን ሁሉ ይህን ሳመነዥክ ተመለስኩ። ጠበቃ የሚፈልግ ሰው ጥፋት አለበት ማለት ነው፤ በቃ፣ ነገሩ ታውቆባቸዋል አልኩ። እሷ ጠበቃ እንዳለኝ ልታጣራ መሆኑ በሐሳቤ ጫፍ እንኳ አልመጣም።

ኅዳር ላይ ገብሱ ታጭዷል። ወንድሜ ከማሳው ማዶ የቀረ ጥግ ሲያጭድ አይቼ፣ አላየኝም ብዬ ወደ ኮሶው ወረድኩ። ከዛፉ እስከ ድንጋዩ በእግሬ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠኝ ስል ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁ።

"አሁን ደግሞ በእግርሽ መለካት ጀመርሽ?"

ዞርኩ። ማጭዱን እንደያዘ ነው። ፊቱ በላብና በገለባ ተሸፍኗል።

"ከአባታችን መሬት ድርሻሽን ከፈለግሽ በአፍሽ ንገሪኝ" አለ። "ሴት ልጅም እንደምትወርስ አውቃለሁ፤ አልክድሽም። እንደ ሰላይ እየመጣሽ ግን ፎቶ አታጠራቅሚብኝ። ጠበቃሽ ማነው?"

ለካ እኔ እሱን ስጠብቅ እሱም እኔን ሲጠብቅ ከርሟል።

"ድርሻ የጠየቀህ የለም" አልኩት። "ይልቅ አንተ ይህን ድንጋይ ለምን እንዳሻገርከው ንገረኝ።"

ሁለቱን ፎቶዎች በስልኬ ከፍቼ አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎ ከፀሐይ በእጁ ጋርዶ ረጅም ጊዜ አየ። ውሸት ነው ይላል ብዬ ስጠብቅ፣

"ይህን ማን አይቶታል?" አለ።

"እኔ።"

"ከአንቺ ሌላ?"

"ማንም።"

"አጥፊው።"

"ለምን?"

"መናገር አልችልም። ምዬበታለሁ።"

"የምን መሐላ ነው ሌባ የሚሸፍን?"

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ወንድሜ ስልኩን መለሰልኝ። ማጭዱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ፣ አጨዳውንም ሳይጨርስ ሽቅብ ወደ ቤቱ ሄደ። ጀርባውን እያየሁ የሞላብኝ ንዴት ነው፤ ሐዘኑ በኋላ ነው የመጣው።

በዚያው ንዴት ቁልቁል ወደ እማሆይ ቤት ወረድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ስለ ጤናቸውም በወጉ ሳልጠይቅ፣

"እማሆይ፣ መሬትዎ መገፋቱን ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"የቱ መሬቴ?"

"ኮሶው ሥር ያለው። ጋሼ ድንጋዩን አሻግሮታል። ፎቶ አለኝ።"

ፍልፈላቸውን አቆሙ። ቆባቸውን አስተካክለው ለአፍታ አዩኝና፣ "ነይ ደግፊኝ" ብለው ተነሱ። ቤታቸውን ዞረን ወደ ጓሮ ሄድን። እዚያ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የያዘ፣ ዙሪያው በአዲስ ካብ የታጠረ መሬት አለ። አፈሩ ጥቁር፣ የተኮተኮተ።

"ይህ የማን ነበር?" አሉኝ።

አወቅሁት። የአባቴ ነው። በልጅነቴ ግልገል የምናስርበት፣ ከመሬታችን ሁሉ የተሻለው ቁራጭ ነው።

"የኮሶው ሥር ውሃ ያቁራል" አሉ። "ባሌ ካረፉ ወዲህ ቦይ የሚያወጣልኝ የለም፤ እኔም እስከዚያ የምሄድበት ጉልበት የለኝም። ወንድምሽ 'እማሆይ፣ እሱን ለእኔ ይስጡኝና ከደጅዎ ያለውን ይውሰዱ፤ ጎመንዎን ተቀምጠውም ቢሆን ይኮተኩታሉ' አለኝ። በእርምጃ ቢለካ ለእኔ የደረሰኝ ይበልጣል። ካቡንም የካበልኝ እሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ተደበቀ?"

"እኔ ነኝ የደበቅሁት። የባሌ ዘመዶች ከሰሙ 'መሬታችንን ለባዕድ ሰጠች' ብለው ከቤቴ እንዳያስወጡኝ ፈራሁ። ለማንም እንዳይናገር በነፍስ አባቴ ፊት አስማልኩት። ለሚስቱም፣ ለአንቺም።"

ያን ፋሲካ እንዳልወርድ የከለከለኝ ለዚህ ነበር። ብወርድ ጓሮውን አየዋለሁና። ጎመኑን እያየሁ ቆምኩ።

"አንቺ ልጅ" አሉ እማሆይ፣ "ሦስት ወር ሙሉ እየመጣሽ ዛፍ ስታነሺ፣ ከዛፉ እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ ነበር?"

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። ባቄላቸው ወዳለበት ተመልሰው ተቀመጡና፣ "ጥፋቱ የኔም ነው" አሉ። "ደግ ሥራም ሲደበቅ ስርቆት ይመስላል። ነገ እኔ ስሞት ደግሞ የባሌ ዘመዶች እንዳንቺው ይጠረጥሩታል፤ ለእነሱ ማን ይናገርለታል? ይህ ነገር ይውጣ።"

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነፍስ አባታቸውን፣ ከባላቸው ዘመዶች ሁለቱን፣ እነዚያን ሁለት ሽማግሌዎችና ወንድሜን ኮሶው ሥር ሰበሰቡ። ነገሩን ራሳቸው ተናገሩ። ከዘመዶቹ አንዱ ጓሮውን ሳላይ አላምንም አለ፤ ሁላችንም ተያይዘን ሄደን አየን። ያ ዘመድ ግን ጎመኑንና ካቡን አልፎ የወንድሜን እጅ ያይ ነበር፣ ሌላ ነገር የያዘ ይመስል። በመጨረሻ ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ለቀበሌው እንዲገባ ተስማሙ።

"አንቺ ደግሞ አንሺን" አሉኝ እማሆይ። "ድንጋዩም፣ እኛም፣ ዛፉም እንድንታይ።"

እሳቸውና ወንድሜ ከድንጋዩ ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ሌሎቹ ከኋላ። ሳነሳቸው ወንድሜ ሌንሱን እንጂ እኔን አላየም። ስጨርስ መጥቶ ካሜራውን ተመለከተና፣ "ድንጋዩ በደንብ ይታያል?" አለ። ከዚያ የአጨዳ ቀን ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ይታያል አልኩት። "እስቲ አጉዪው" አለ። አጎላሁለት። ረጅም ጊዜ አይቶ ሄደ።

የዓመቱን ሥራዬን የለወጥኩት ያን ቀን ነው። አንድን ቦታ ከሩቅ በየወሩ መጠበቅ ቀረ። አሁን የማነሳው አዋሳኞችን ነው፤ ድንበር የሚጋሩ ጎረቤቶችን፣ ሁለቱንም አስፈቅጄ፣ በወሰን ድንጋያቸው ላይ አብረው ቆመው። እስካሁን እሺ ያሉኝ ጥቂት ናቸው። አንዱ ሽማግሌ "ማን ላከሽ?" ብለው ደብዳቤ ጠየቁኝ፤ ማንም አልላከኝም ስላቸው የባሰ ጠረጠሩኝ። ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ደግሞ እሺ ብለው ከቆሙ በኋላ፣ አንዳቸውን ከፎቶው ቆርጬ የማስወጣ ይመስል ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም። አልፈርድባቸውም። እኔም እያንዳንዱን ፎቶ ቤቴ ገብቼ ሳጎላ መጀመሪያ የማየው ፊታቸውን ሳይሆን የድንጋዩን ሥር ነው፤ አፈሩ በቅርቡ የተቆፈረ እንደሆነ። ያ ዓይን አንዴ ከተከፈተ በቀላሉ አይከደንም።

ጥር ላይ ለጥምቀት ሄጄ ስመለስ ወንድሜ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘኝ። ከዚያ በፊት በሁለት ወር ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። ንፋሱ ብርቱ ነበር፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊቴ ይሄዳል።

"ጋሼ፣ ሌባ ያልኩህን ይቅር በለኝ" አልኩት ከኋላው።

ጥቂት ሄደ። ከዚያ ቆሞ ዞረ።

"እውነቱን ንገሪኝ። ድርሻሽን ትፈልጊያለሽ?"

አልፈልግም ልለው ከጅሎኝ ነበር። ዕርቁን የሚያፋጥነው ያ ነበር። ግን ያን ጊዜ ጓሮው ውስጥ የአባቴ መሬት ለሰው መሰጠቱን ሳውቅ፣ ከሐፍረቱ ጋር ሌላም ነገር ተሰምቶኝ ነበር፤ እኔን ሳይጠይቅ የሚል።

"አላውቅም" አልኩት። "ያወቅሁ ዕለት ግን ከማንም በፊት ላንተ ነው የምነግርህ። ካሜራ ሳልይዝ።"

አየኝ። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም።

"ደህና" አለ። "እኔም ደብተሩን አሳይሻለሁ። ስትመጪ።"

ሚኒባሱ ከርቀት ሲመጣ ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ እሱ ራሱ ጫነልኝ፤ ሹፌሩንም እኅቴ ናት፣ ደህና ቦታ አስቀምጣት አለው።