የፋይል ሐኪሙ መጽሐፍ

ንዴቴ ገና ስላልበረደልኝ፣ ረጋ ብዬ አወራለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ሐኪሙ የምንለው ሰው ማተሚያ ቤታችን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ገጽ ሲያቀናብር የኖረ ነው። እኔ አራሚ ነኝ፤ ጠረጴዛዎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። ሐኪም ያልነው ሕክምና ተምሮ አይደለም፣ የታመመ ፋይል ስለሚያድን ነው። ደንበኛው ፍላሹን ይዞ እያለከለከ ይገባና፣ "ኧረ ጋሼ ድረስልኝ! ቤቴ ደህና የነበረው እዚህ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ሣጥን ሣጥን ሆነ!" ይላል። ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና፣ "መቼ ጀመረው? ማን ኮምፒውተር ላይ ዋለ? ከዚያ ወዲህ ምን ነካካችሁት?" ይለዋል፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን የመጣለት ይመስል። እኛ እንስቃለን፣ እሱ ግን አይስቅም።

"ፊደሉን፣ ፎንቱን፣ ቤትህ ትተኸው መጥተህ ነው፤ ሂድና ከነፊደሉ አምጣው" ይለዋል። ፎቶው ደብዝዞ የታተመባትን ደግሞ፣ "ይሄ እኮ የፎቶው ጥላ ነው፤ ዋናውን ፎቶ የት ጣልሽው?" ይላታል። አንድ ጊዜ የተመራቂዎች መጽሔት ሊታተም ማሽኑ ተነሥቶ ሳለ ሮጦ አስቆመው። ገጹ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ምልክት አይቶ ነበር። ጽሑፉ ሣጥኑን ሞልቶ ሲተርፍ የምትመጣ ምልክት ናት፤ የተረፈው አይታተምም። የአሥራ አንድ ልጆች ስም ውጭ ቀርቶ ነበር። እሱ ባይኖር እነዚያ አሥራ አንድ ልጆች ምን ብለው ለእናታቸው ያሳዩ ነበር?

ሥራ አስኪያጃችን ሲፈልግህ ማር ነው። አንድ ቀን መጣና የሐኪሙን ትከሻ መታ መታ እያደረገ፣ "ይሄን ሁሉ እውቀት ይዘህ ልትሞት ነው እንዴ? ጻፈው እንጂ! ችግሩን ከነመፍትሔው በመጽሐፍ እናውጣው። አንተም የሥልጠና ኃላፊ ትሆናለህ፣ ጡረታህ እስኪደርስ እያስተማርክ ትቀመጣለህ" አለው።

ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ ሌት ተቀን የሚያስጨንቀው ይሄው ነው። "ከዚህ ቤት ሳያባርሩኝ በሥርዓት ልውጣ እንጂ ሌላ አልፈልግም" ይለኝ ነበር። ስለዚህ ደስታው ሌላ ሆነ።

ሰባት ወር ጻፈ። ደህናውን ፋይል ሆን ብሎ ያሳምመዋል፣ ከዚያ ያድነዋል፣ ከዚያ ምን እንዳደረገ ደረጃ በደረጃ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ማያ ላይ ደማቅ የሆነ ሰማያዊ ቀለም፣ ወረቀት ላይ ሲታተም ለምን ወይን ጠጅ እንደሚሆን፣ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ለምን እንደሚቀር፣ ሁሉንም። እኔ የጻፈውን አርማለሁ። ሦስት ጊዜ አረምኩት።

"ጋሼ፣ ሁሉንም አትዘርግፍላቸው" አልኩት አንድ ቀን። "አንድ ሁለት ነገር በሆድህ ያዝ።"

"አንቺ ደግሞ ክፉ ነሽ! ግማሹን ደብቆ መጻፍ ምን ይባላል? አንባቢው መሃል መንገድ ላይ ሲቀር ማንን ይጠይቃል?"

"አንተን ነዋ! እኔስ ለዚህ አይደል እንዴ የምልህ!"

ሳቀብኝ። ሰውዬው እንዲህ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።

መጽሐፉ አለቀና የሽፋኑ ትእዛዝ መጣ። ደራሲ በሚለው ቦታ የተጻፈው የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም ስም ነው። ይሄ ልጅ ማተሚያ ቤታችንን ሁለቴ ቢረግጥ ነው! ወረቀቱን ነጥቄው "አንተ፣ ሥራ አስኪያጁን አሁኑኑ ሄደህ ካላናገርከው እኔ አናግረዋለሁ!" አልኩ። ሐኪሙ ፊቱ አመድ ሆነ። ወረቀቱን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና፣ "ተይ፣ ኃላፊነቱን ከሰጡኝ ስሙ ምን ያደርግልኛል" አለኝ። ከዚያ ተቀምጦ ያንን ስም በትልልቅ ፊደል ሽፋኑ ላይ አሰፈረው። ራቅ ብሎ አየው። "ፊደሎቹ ተጠጋግተዋል" አለና በየመሃላቸው ትንሽ ትንሽ ክፍተት ጨመረላቸው፣ እስኪያምር ድረስ።

መጽሐፉ ታትሞ በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰው። "የሥራ መመሪያ መጽሐፍ የተዘጋጀ በመሆኑ" ይላል፣ ቦታው በአነስተኛ የሰው ኃይል ይሸፈናል። በገዛ እጁ በጻፈው! መነጽሩንና ማስመሪያውን በፌስታል ይዞ ወጣ። በር ላይ ዘበኛው "ሐኪሙ፣ ዛሬ ቀደም አልክ" አለው።

በሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። "መጽሐፉን ሦስቴ ያረምሽው አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ቦታውን አንቺ ያዢው" አለኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባሌም ሥራ ከፈታ ዓመቱ ነው፤ ይሄን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። እውነት ነው፣ ግን ፊቴን አያጸዳልኝም። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ፊት ትንፍሽ ሳልል አሁን የማወራው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ወደ ፒዲኤፍ አልቀየር አለኝ። መጨረሻው ጋ ይደርስና ቀጥ ይላል። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ያው ነው። የሐኪሙን መጽሐፍ ባገላብጠው አልገባ አለኝ፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ፊደል ስለቅም ነበር እንጂ ነገሩን አልያዝኩትም። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ይንጎራደዳል። ምን ላድርግ፣ ሐኪሙ ቤት ደወልኩ።

"መቼ ጀመረው?" አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ። "አይዞሽ። መጀመሪያ እስከ መቶኛው ገጽ ብቻ ቀይሪው። አለፈ? በሽታው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ክፈይው።"

እንዲህ እያልን ገጽ መቶ ሠላሳ አንድ ላይ ደረስን። የተበላሸች አንዲት ፎቶ ናት። አውጥቼ በሌላ ተካኋት፣ ፋይሉ አለፈ።

"አለፈልሽ?"

"አለፈ ጋሼ። ኑርልኝ።"

ስልኩን ልዘጋ ስል ጠየቀኝ። "እኔ ቦታ ላይ ማንን አስቀመጡ?"

"እኔን" አልኩት።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ከሃዲ ቢለኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ቢዘጋው፣ በዚያች ደቂቃ እፎይ እል ነበር።

"እንኳን አንቺ ሆንሽ" አለኝ። "ሌላ ሰው ቢሆን ፋይሎቼን ያበላሻቸው ነበር።"

ከልቡ ነው። ሐኪሙ የማያምንበትን ነገር መናገር አይችልም።

ሥራ አስኪያጁ "አለቀ?" አለኝ። "አለቀ" አልኩና ፋይሉን ላክሁለት።