ብቻዬን የሄድኩበት መርዶ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በኮሮናው ሎክዳውን ሁለተኛ ወር፣ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ሽንኩርት እየላጠ ስለነበር ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ነገሩን ከመጀመሪያው የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው። የደወለው ሆሳዕና አጠገብ ካለ መንደር ነበር፤ እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ያላት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ባል። ለወንድሙ ሠርግ ሦስት ሳምንት ብሎ ሄዶ፣ በረራ ሲቆም እዚያው ቀርቷል።

«ጋሼ፣ አማቼ ሐሙስ ዐረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለ። «ለእሷ አልነገርኳትም። ከሐሙስ ጀምሮ ስልኳን አላነሳሁም፤ ካነሳሁ ድምፄ ያሳብቅብኛል። እባካችሁ ሄዳችሁ ንገሯት። የአጎቷ ልጅ ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ሊለጥፍ እጁን እያሳከከው ነው። በልመና እስከ ነገ ረፋድ ይዤዋለሁ።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ሦስት አራት ሆነው፣ ገና ሳይነጋ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ ቤቱ ድረስ ሄደው ይነግሩታል። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። አባቴ በዚህች ከተማ ለሃያ ዓመት ያህል ይህን ሲያደርግ የኖረ ሽማግሌ ነው። ግን አስም አለበት፤ ሎክዳውኑ ከታወጀ ጀምሮ ከግቢ አልወጣም። ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ደወለ። አንደኛው ያለው ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ ድንበር ማለፍ ክልክል ነበር። ሁለተኛው ስለሚያስለው ራሱን ለይቷል። ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ የሚሠራው ሦስተኛው ሱቁ ስለተዘጋ የመንቀሳቀሻ ወረቀት የለውም፤ ባለፈው ሳምንት ፖሊስ ከመንገድ መልሶታል።

ወረቀት ያለኝ እኔ ነበርኩ። ብራክፓን አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ እሑድም እገባለሁ። ጻካኔ ከዚያ በታክሲ ሩቅ አይደለም።

አባቴ ቢላዋውን አስቀምጦ አየኝ።

«አታስበው» አልኩት።

«ምን አልኩ?»

«እያየኸኝ ነው።»

«አባት ልጁን አያይም እንዴ?»

እናቴ ከመኝታ ቤት ጮኸች። «ዳቦ ልትገዛ ሄዳ፣ ሰልፉ ውስጥ ሰው ቀደመኝ ማለት አፍራ ባዶ እጇን የምትመለስ ልጅ ናት! እሷን ነው መርዶ የምትልካት?»

እናቴ አላጋነነችም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጥናቴን ቆሜ ማቅረብ የነበረብኝ ቀን ታምሜያለሁ ብዬ የቀረሁ ነኝ። አማርኛዬም ከቤተ ክርስቲያን የተለቀመ ነው፤ ሰው ፊት ስናገር ይሰባበርብኛል። ጉባኤያችን ዙም ላይ ከገባ ወዲህ የእኔ አገልግሎት የሰውን ማይክ መዝጋት ነበር። ሕፃን ሲያለቅስ እዘጋለሁ፣ ውሻ ሲጮኽ እዘጋለሁ፤ የራሴ ካሜራ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። «ትሑት ልጅ ናት» ይሉኝ ነበር። ደጋግሜ ስሰማው እኔም አምኜው ነበር።

ክፍሌ ገብቼ ተንበረከኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወረቀት እንዲያገኝ ጸለይኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት የሚሰጥ ቢሮ እንደሌለ እያወቅሁ። ያኛው ሳሉ እንዲተወው ጸለይኩ። የአጎቷ ልጅ ስልክ እንዲበላሽም ጸለይኩ። ከዚያ አንድ ነገር ታወቀኝ። ያን ሁሉ ስጸልይ ስለ እሷ አንድ ቃል አላልኩም ነበር። ጌታን ስለምነው የቆየሁት ከእሷ እንዲያድነኝ ነው። ያንን ትሕትና ብሎ መጥራት ከዚያ በኋላ ከበደኝ። ሱቋ ውስጥ ለደንበኛ መልስ እየቆጠረች በሌላኛው እጇ ስልኳን ስትከፍት፣ የአባቷን ፎቶ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተጽፎበት ስታየው በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ጸሎት ያስለቅቀዋል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ፤ አልለቀቀኝም። እንዲሁ እንዳለ ይዤው ወጣሁ።

«እሄዳለሁ» አልኩ።

አባቴ እንደ መምህር አስቀመጠኝ። «ነጠላ አትልበሺ፤ ከሩቅ አይታ ትደነግጣለች። ‹ታመዋል› ብለሽ አትጀምሪ፤ ተስፋ ሰጥቶ መንጠቅ ነው። ከተቀመጠች በኋላ ቀጥ አድርገሽ ንገሪያት። ከነገርሻት በኋላ ዝም በይ።»

«እሱን እችልበታለሁ።»

ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ተከተለው። ትንፋሹ ሲመለስ «ከዚያ ደግሞ ተነስተሽ አትሂጂ» አለኝ። «ብዙው ሰው የሚያቅተው እሱ ነው።»

«ርቀትስ? ልነካት እችላለሁ?»

ፋርማሲ የምሠራው እኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያልጨረሰውን አባቴን ይህን መጠየቄ አሁን ያስቀኛል። ትንሽ አሰበና «ማስክሽን አታውልቂ» አለ። «ብትወድቅ ግን ያዣት።»

በማግስቱ የሰዓት እላፊው ሲያበቃ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ለፋርማሲው እንደምዘገይ መልእክት ላክሁ። ታክሲ ውስጥ የምናገረውን ቃል በልቤ ስደጋግም ወራጅ ማለት ረስቼ አንድ ፌርማታ አለፍኩና በብርዱ በእግሬ ተመለስኩ። ስደርስ ገና አልነጋም። እሷ ሱቁን ለመክፈት መብራት አብርታ መደርደሪያ ትወለውላለች።

በብረት ፍርግርጉ በኩል አየችኝና ደርቃ ቀረች። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ግራና ቀኝ ተመለከተች። ማንም አልነበረም።

«ወይ አንቺ! ብቻሽን ነሽ?» ሳቀች። «ከሽማግሌ ጋር ብትመጪ ኖሮ ልቤ ቀጥ ይል ነበር! ያ ሰውዬ ስልክ አላነሳ ብሎኝ ስንት ነገር እያሰብኩ ነው መሰለሽ። ግቢ፣ ሥራ ልትገቢ ነው? ሻይ ልስጥሽ።»

ይህን አባቴም እኔም አላሰብነውም ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲመጡ፣ ሰው በር ላይ ሲያያቸው ግማሹን ያውቃል፤ ለአፋቸው የሚቀረው ጥቂት ነው። እኔ ግን ብቻዬን በመምጣቴ ደስ አሰኘኋት። ከኋላ በር አስገባችኝ፤ ውኃ ልትጥድ ዞረች፤ እያወራች ነበር። ያጠናሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ።

«እህቴ፣ ተቀመጪ» አልኩ። ቀጥ አድርጌ መናገር አልቻልኩም፤ ቃሉ እየተሰባበረ ነው የወጣው። «አባትሽ ሐሙስ ዐርፈዋል። ባልሽ ነው የላከኝ። ዓርብ ቀብሯቸዋል።»

ለአፍታ ሳቋ ፊቷ ላይ እንደቀረ አየችኝ። ከዚያ በዱቄት ጆንያዎቹ መሀል ወረደች፤ አብሬያት ወርጄ ያዝኳት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድም የማጽናኛ ቃል አልተናገርኩም።

ፍርግርጉ በሳንቲም ተንኳኳ። «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» ልትነሳ ሞከረች። ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳትና እኔ ተነሳሁ።

ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል። «ኩቫሊዌ» አልኩ፤ ዝግ ነው። ከማስኩ ውስጥ አልተሰማም። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ከፋርማሲ ደንበኞች በለቀምኳት የዙሉ ቋንቋ፣ የሱቁ ባለቤት አባቷ እንደሞተባት ነገርኳቸው። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ከፊት የነበሩት ብርድ ልብስ የለበሱ አሮጊት ወደ ውስጥ አጎንብሰው አዩና «ከእሷ ጋር ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«ክፈቺ» አሉ።

ሁለት ሴቶች ከሰልፉ ወጥተው ከኋላቸው ቆሙ። ስለ ርቀቱም ስለ ክልከላውም አሰብኩ። አዩኝና ማስካቸውን ወደ ላይ ሳቡት። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በሩን ከፈትኩላቸው።