በጠራራ ፀሐይ ማሞቂያ

ልብስ ሰፊው ያን ቀን ከቤቱ ሲወጣ በልቡ አንድ ነገር ይለምን ነበር፤ የጎረቤቱ መኪና እንደ ልማዷ ዛሬም ሞቃ መንገድ ላይ ትቅር ብሎ። ለሰው አልተናገረውም እንጂ የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ ሐኪም ቤት ከሚሄድ እዚያው የመንገዱ ዳገት ላይ ቢውል ይመርጥ ነበር። ስለት ወደ ዓይኑ ሲመጣ እያሰበ እህል አልወርድለት ካለ ሦስት ቀኑ ነው።

የምትወስደው ይህችው ጎረቤቱ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ሾፌሯ» ይላታል። ሟቹ ባሏ መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነበር፤ የሰፈሩን ሰው አስተምሮ ሲጨርስ እሷን ግን «ሴትና ክላች አይስማሙም» እያለ መሪ ሳያስነካት ሞተ። መኪናዋ ደጅ ቆማ ቀረች። እሷም በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ትምህርት ገባች። ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ በአራተኛው አለፈች። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት የሚሄድ አቅመ ደካማ ሁሉ የሚጠራው እሷን ነው። ለልብስ ሰፊው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ለጽዳት ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ዐሥር መርፌ ላይ ክር ታስገባለታለች። ዐሥሩ ሲያልቅ የቀኑ ሥራውም ያልቃል። ባለፈው ወር የአንድ ደንበኛ ኮት ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፋው። ሰውየው ለብሶት «አሁን እኔ እየመጣሁ ነው ወይስ እየሄድኩ?» አለና ሄደ፤ አልተመለሰም። ሞራው ዛሬ ካልተገፈፈ ሱቁ መዘጋቱ ነው። ይህን እሱም ያውቀዋል። ፍርሃት ግን ምክር አይሰማም።

የዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ወጣ። ሾፌሯ ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ተትጎለጎለ።

«በቃ ደክሟታል ምስኪን፤ እንመለስ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ደስታው በድምፁ እንዳይታወቅበት እየተጠነቀቀ።

«የደከማት እሷ ናት ወይስ አንተ?»

ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አንድ የጭነት መኪና ነጂ አጠገባቸው ቆመ። «እትዬ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺውና ቀዝቃዛ ውሃ ቸልሺበት! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ፊቴን እግዜር አንዴ ሠርቶልኛል፤ አንተ በእንፋሎት አትድገምልኝ።»

«ሰዓት እንዳይሄድብሽ ብዬ ነው እንጂ።»

«ይሂድ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ከደፋህ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ሰዓቱም መኪናዋም ሄዱ ማለት ነው። ለአሳብህ ተባረክ፣ መንገዱን ግን አትዝጋ ወንድሜ።»

ነጂው እየሳቀ ሄደ። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላማረረችም፤ ጎማውንም አልረገጠችም። በየመሃሉ ትነሳና የእጇን ጀርባ ኮፈኑ ላይ ታሳርፋለች፤ «ገና ናት» ትልና ተመልሳ ትቀመጣለች። ልብስ ሰፊው ዓይኑ ጭጋግ ቢሆንም ይህን ያያል። እሱ ክር ሲበጠስበት መቀስ የሚወረውር ሰው ነው። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ከየት መጣላት እያለ ይገረማል።

ብዙ ከቆዩ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዛ ቀስ ብላ አላላችው። ሲጥሲጥ ማለቱን እስኪያቆም ጠብቃ ከጀሪካኑ ውሃ ጨመረች። ሞተሩን አስነሳች፣ መስኮቶቹን ሁሉ አወረደች፣ ከዚያ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«እንዴ! በዚህ ፀሐይ? ምነው፣ ልትቀቅይኝ ነው?»

«የሞተሩን ሙቀት ካልተካፈልናት ዳገቱን አትወጣም። ሸክሟን ስታግዛት ትሄዳለች።»

«እኔ እኮ በሽተኛ ነኝ!»

«የታመመው ዓይንህ ነው፤ ላብህ ደህና ነው።»

ሳቁ አመለጠው። ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ እሷ ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል፣ መኪናዋም እያቃሰተች ቀስ በቀስ ወጡት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው «ጎሽ የኔ እመቤት!» ብሎ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገ። ወዲያው በራሱ አፈረ፤ ጠዋት እንድትቀር ሲለምን የነበረው እሱ ነዋ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ የቀጠሮው ሰዓት አልፏል። ነርሷ ከመዝገቧ ቀና ብላ ሁለቱንም ከራስ እስከ እግር አየቻቸው፤ ዝናብ የመታቸው ይመስላሉ።

«አባባ፣ አርፍደዋል። ሐኪሙ እስካሁን አሉ፤ ግን ከደከመዎት ለሚመጣው ወር ልቀይርልዎ እችላለሁ።»

ይኸው፣ የለመነው መጣለት። ወደ ሾፌሯ ዞረ። ለሁሉ መልስ የማታጣው ሴት አሁን የጠቆረ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ቀና ብላም አላየችው።

«የለም ልጄ» አለ። «ያንን ዳገት ተቀቅዬ የወጣሁት ልመለስ አይደለም። በየት በኩል ነው?»

ነርሷ በሩን አሳየችው። እሱ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ገባ።