ኦርኪድን ይዤ ናይሮቢ

ከሶዶ በምወጣበት ዋዜማ ምሽት ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጸለዩልኝ፣ ጎረቤቶቻችን ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው ይዘው መጡ፣ እናቴ ደግሞ ያን የሚያቃጥል ዳጣዋን በጠርሙስ እየሞላች፣ «እዚያ በርበሬ አያውቁም አሉ» ብላ እንባዋን ትጠርጋለች። በርበሬው ይሁን መለየቱ ያስለቀሳት፣ እኔም አልጠየቅኳት።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ነገር ካልገባው እንቅልፍ አይወስደውም። አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ይሄ ኦርኪድ የምትዪው ነገር እየሞተ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ በሚሞት ነገር ማን ይቀጥርሻል?»

«ስለሚሞት ነው የሚቀጥሩኝ። የሚያውቀው ሰው አልቋል።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ለማስታመም ነው የምትሄጂው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ አላነሳም።

እናንተም እንዳይምታታባችሁ ላስረዳ። ኦርኪድ በአበባ ስም የተሰየመ፣ በገንዘብ የሚሸጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ነው። ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ባለ የኮምፒውተር ሱቅ ስሠራ፣ የሶዶና የቦዲቲ ፋርማሲዎች መድኃኒታቸውን የሚመዘግቡበትን፣ በብልቃጡ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍም የሚያትሙበትን ፕሮግራም የጻፍኩት በእሱ ነው። በደህና ዘመኑ ይወደድ ነበር! ስክሪኑ ላይ የሚጫነውን ቁልፍ በማውስ ጎትተህ ታስቀምጣለህ፣ ሁለት መስመር ትጽፋለህ፣ ይሠራል። ከዚያ ባለቤቱ ድርጅት ለሌላ ተሸጠ፣ ያም ለሌላ ሸጠው፣ አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥር ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ይበላሽ ጀመር። ተጠቃሚዎች በኢንተርኔት የሚጠያየቁበት መድረክ ነበረው፤ ሰው እየተወው ሄዶ በመጨረሻ ጠያቂዋም መላሿም እኔ ሆንኩ። ናይሮቢ ያለ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ያገኘኝ እዚያ ነው።

በሐዋሳና በዲላ አድርጌ ሞያሌ ስደርስ ኬላው ላይ ያለው ሰውዬ ፓስፖርቴን ገለጠ።

«ሥራ?»

«ፕሮግራመር ነኝ።»

«የሬዲዮ ነው የቴሌቪዥን?»

«የኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተሩ የት አለ?»

«ናይሮቢ።»

«እሱ ወደዚህ ቢመጣ አይቀልም?» አለና ማኅተሙን ደለቀው።

ናይሮቢ ሞቃት መስሎኝ ሹራብ እንኳ አልያዝኩም ነበር፤ የሐምሌው ብርድ ግን ከሶዶ በላይ ያለውን የዳሞታ ተራራ ጉም ያስንቃል። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤ ያልነካው፣ ጨው የተረሳበት ገንፎ ነው፤ ሱኩማ ዊኪ ግን የኛው ጎመን ስለሆነ በእሱ ተጽናናሁ። ሰላምታቸው አጭር ነው። እኛ ሶዶ የሰው ቤተሰብ፣ ከብትና ጤና ጠይቀን ሳንጨርስ ባጃጁ ያመልጠናል፤ እዚህ «ሳሳ!» ብለው አልፈው ሄደዋል።

የቤት አከራዬ ማማ ንጄሪ ትባላለች። በገባሁ ሳምንት በሬን አንኳኳች።

«ምንድነው የሚሸተው? የቤት ቀለም እየቀባሽ ነው?»

«የአገሬ ማባያ ነው፣ ማማ። ይቅመሱ።»

ማንኪያ ሙሉ ጎረሰች። ደርሼ ልከለክላት አልቻልኩም። ውሃ ጠጥታ፣ ስላ፣ ተቀምጣ፣ «በዚህ ነገር አድገሽ ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት፣ «እንግዲያው ከአንቺ ጋር ስለ ኪራይ አልጨቃጨቅም» አለች። ቃሏንም ጠበቀች።

ሥራው መልካም ነበር፤ በሙያዬ እተማመን ስለነበር ሰው ሁሉ የፈራውን የኦርኪድ ኮድ እንደ ራሴ ጓሮ ገባሁበት። አንድ ቀን ግን አዲሱን ቅጂ ከጫንን በኋላ የአንድ ክሊኒክ ነርስ ደወለች።

«ይሄን ሽሮፕ ለሕፃን ነው ወይስ ለበሬ ያዘዛችሁት?»

ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር ተብሎ የገባው፣ እኛ ብልቃጡ ላይ በለጠፍነው ወረቀት ሃያ አምስት ሆኖ ታትሟል። ኦርኪድ ሲያትም ነጥቧን ይጥላታል። ነርሷ ባታስተውልስ? ማተሚያውን አስቆምኩና ለሻጩ ድርጅት ደወልኩ።

«የታወቀ ችግር ነው» አለኝ በጣም ትሑት ድምፅ ያለው ሰውዬ።

«ከታወቀ ለምን አታስተካክሉትም?»

«ከታወቁት ችግሮች ጋር መዝግበነዋል።»

«ሰው ሊሞትበት ይችላል እኮ!»

«ይገባኛል፣ እመቤት። የሚቀጥለውን ቅጂ ሲገዙ ምናልባት ይስተካከላል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ወደ ቀድሞው ቅጂ እንዳንመለስ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። ኦርኪድን ጨርሰን እንተወው እንዳልል ደግሞ በሥራ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው «የኦርኪድ ባለሙያ» ነው። ኦርኪድ ከቢሮው ከወጣ እኔም ከኬንያ ልወጣ ነው። ግን ያች ነጥብ ከዓይኔ አልጠፋ አለች፤ ተነስቼ ወደ አለቃዬ ወደ ካሪዩኪ ገባሁ።

«ይሄን ነገር እንተወው። በነፃ በሚገኝ የፕሮግራም ቋንቋ ሁሉንም ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ። እስከዚያ በእጅ እየጻፍን እንለጥፍ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ይሄን ስትዪ ስለ ራስሽ ፈቃድ አስበሻል?»

«አስቤያለሁ። የሕፃን መድኃኒት ነው፣ ጌታዬ።»

መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ «ጀምሪ» አለኝ።

ጀመርኩ። ከሁለት ወጣት ባልደረቦች ጋር፣ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ጻፍን፣ ፈተንን፣ አፈረስን፣ እንደገና ጻፍን። ኦርኪድን ከመጨረሻው ኮምፒውተር ስናራግፍ የታዘብኩት ነገር ቢኖር አለማዘኔን ነው። ዓመታት የለፋሁበት ዕውቀት በኦርኪድ ውስጥ ሳይሆን በእኔ ውስጥ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ካሪዩኪ ደብዳቤ ጽፎልኝ ወደ ኢሚግሬሽን ሄድኩ።

«እዚህ የኦርኪድ ባለሙያ ይላል» አለች ጸሐፊዋ። «አበባ ነው የምታበቅዪው?»

«ነበር። ደርቋል።»

«አሁንስ ምን ታበቅያለሽ?»

«ፕሮግራም።»

ሳቀች፤ ሰርዛ «የሶፍትዌር ባለሙያ» ብላ ጻፈችልኝ።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቴ አስቴር ስለደወለችልኝ ነው። ሶዶ ኮሌጅ ገብታለች፤ ድምፅዋ በደስታ ይፍለቀለቃል።

«ምን እያስተማሩን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኦርኪድ! መምህሩ ያንቺን የፋርማሲ ፕሮግራም ከፍቶ አሳየን። እህቴ ናት የጻፈችው ብዬ ተኩራራሁ።»

የቦዲቲና የሶዶ ፋርማሲዎች የድሮውን ቅጂ እንደሚጠቀሙ፣ እነሱ ዘንድ ነጥቧ እንደማትጠፋ ደውዬ ካረጋገጥኩ ቆይቷል። ቢሆንም አስቴር የምትማረው የሚሞት ነገር ነው።

«መማሩንስ ተማሪ፣ ግን እሱን ብቻ እንዳትይዢ» አልኳት። «ሌላውን እኔ አሳይሻለሁ።»

«በስልክ?»

«በስልክ።»

«ክፍላችን ውስጥ ሰባ ነን» አለች አስቴር። «ለእኔ ብቻ በስልክ ከምታሳዪኝ፣ መጥተሽ ሁላችንንም ለምን አታስተምሪንም?»

አፌን ከፈትኩ። ውሉ፣ ኪራዩ፣ የታደሰው ፈቃድ፣ ካሪዩኪ የሰጠኝ አዲሱ ሥራ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበሩ።

«ሄሎ?» አለች አስቴር። «ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

አልተቋረጠም ነበር።