በደረቅ ወይራ ያልተፈተነው ገጀራ

ወንድሜ የሞተው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ዕለት በሕይወት ነበር፤ ሲስቅ ነበር። ከሰኞው ልጀምር።

ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለው ጫካ ሰፍረን ነበር። ጣልያን ከገባ ሁለት ክረምት አልፏል። ሠላሳ አራት ሰዎች ነን፤ ጠመንጃ ያላቸው ግን አሥራ ዘጠኙ ብቻ ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ደምሴና እኔ ከሌላቸው ወገን ነን። እኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሬ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ወደ ቀወት፣ ወደ አባታችን ቤት ተመለስኩ። ወንድሜ አራሽ ነው። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ «ተማሪው» ይለኛል።

ጠመንጃ የሌለው አርበኛ ጠመንጃ የሚያገኘው ከጠላት እጅ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚይዘው ገጀራ ነው። ገጀራ የሚሠራልን ጋሽ ሙሄ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ሰላቱን የማያጓድል፣ ወሬ የማይወድ ሰው። ብረቱን የምናመጣለት እኛ ነን፤ መንገድ ላይ ከተገለበጠ የጣልያን ካሚዮን የነቀልነው ባለስትራ፣ የካሚዮኑን አካል የሚሸከመው ንብርብር ብረት ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ ግን እንደ ማረሻ ብረት አይደለም። ጋሽ ሙሄ የመጀመሪያውን አግሎ ውሃ ውስጥ ቢነክረው ተሰነጠቀበት። ከዚያ ወዲህ በቀለጠ ሞራ መንከር ጀመረ። ሞራ ሲያጣ በውሃ ያደርገዋል፤ በውሃ የነከረውን ግን አያምነውም።

ልማድ ነበረው። ገጀራ ሳይፈትን ለሰው አይሰጥም። ደጁ ላይ ከርሞ የደረቀ የወይራ ግንድ አለ። ገጀራውን የሚወስደው ሰው ራሱ የግንዱን ጉጥ ሦስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ ጋሽ ሙሄ ስለቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያየዋል፤ በጥፍሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሰዋል። ከሸረፈ ወደ እሳት ይመለሳል። ካልሸረፈ ጫፉን ግንዱ ስንጥቅ ውስጥ ከትቶ ያጎብጠዋል። ቀጥ ብሎ ከተመለሰ «ውሰድ፣ አላህ ይጠብቅህ» ይላል። ሌላ ነገር አይልም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጭፍራችን አለቃ ባላምባራስ ወደ ጋሽ ሙሄ ደጅ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ አሉ፣ እነሱ ምን አደረጉ። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ስጽፈው ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ከአጣዬ በኩል ካለ ጭፍራ የተላከ እንግዳ አብሮት ነበር፤ ዝግጅታችንን ሊያሳየው ፈልጓል። ሃያ የምንሆን ሰዎች ተከትለናቸዋል።

«ሙሄ፣ የደምሴ ገጀራ የታለ?»

«አልደረሰም ጌታዬ። ሞራ አጥቼ ትናንት በውሃ ነው የነከርኩት። አሁን ወይራው ላይ እንሞክረውና፣ ከሸረፈ እስከ ነገ ማታ አስተካክለዋለሁ።»

«አንተ መቼም የምታጣው ነገር አታጣም!» አለ ባላምባራስ። እንግዳው ሳቀ።

«ወላሂ ጌታዬ፣ ይሄንን እኔ ራሴ አላመንኩትም።»

«ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ አለብን። ለጦር ቀን የሚቆርጠው ቀጥቃጭ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ገጀራውን ከመደቡ አንስቶ ለወንድሜ ሰጠው። ወንዙ ዳር ሾላ አለ። ሾላ እንጨቱ ለስላሳ ነው፤ ሲቆርጡት ወተት ይወጣዋል። «በል ደምሴ፣ ያቺን ቅርንጫፍ!» አለው። ጋሼ አንድ ጊዜ ሰነዘረ። የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ መሬት ወደቀ። ሰው ሁሉ ጮኸ፤ አንዱ ፎከረ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ።

«አየህ ተማሪው? ያንተን መጽሐፍ ይሄንን ባቀምሰው ስንት ገጽ ይተርፈዋል?»

«ሽፋኑም አይተርፍ!» አልኩ። ሳቅኩ። አጨበጨብኩም። ይሄንን መጻፍ አለብኝ፤ አጨብጭቤያለሁ።

ጋሽ ሙሄ እጅጌውን ያዘው። «ደምሴ ልጄ፣ ወይራው ያው እዚያ ነው። ሦስት ምት ብቻ።»

ጋሼ ባላምባራስን አየው። ባላምባራስ «ተወው፣ ስለቱን ሊያበላሽብህ ነው» አለ። ጋሼ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሽማግሌውን ላለማስከፋት ቀስ ብሎ «ስመለስ እንመታዋለን ጋሽ ሙሄ» አለና ሄደ።

ግንዱ ከቆምንበት ሠላሳ እርምጃ አይርቅም ነበር።

ማክሰኞ። ከመንገዱ ዳር፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ የጠላት ጥበቃ አለ። ሰባት ባንዶችና አንድ ጣልያን። ስምንት ሰዓትን የመረጥነው በሙቀቱ ምክንያት ነው፤ በዚያ ሰዓት ቆላው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ጠባቂ ያንቀላፋል። የጥቅምት ማሽላ ቆሞ ነበር። በማሽላው ውስጥ በደረታችን ተሳብን። ጠመንጃ ያላቸው ከግራና ከቀኝ፣ እኛ ባለ ገጀራዎቹ መሐል።

«ጋሼ» አልኩ፤ ምን ልለው እንደነበር አላስታውስም።

«ዝም በል። ትንፋሽህ እንደ በሬ ነው።»

ተኩስ ተከፈተ። ተነሥተን ሮጥን። እስከ ጥበቃው ሃምሳ እርምጃ ነው። ሁለት ባንዶች ወደቁ። ጣልያኑ ወደ ወንዙ ሸሸ። ጋሼ ከሁላችንም ቀድሞ ደረሰ። ፊት ለፊቱ የነበረው ባንዳ ለመተኮስ ጊዜ አላገኘም፤ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አግድሞ ከራሱ በላይ አነሣ። ጋሼ በሙሉ ኃይሉ መታ። ገጀራው የጠመንጃው እንጨት ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ነው።

ድምፁን ሰማሁ። ገጀራው ከእጀታው አንድ ስንዝር በላይ ተሰበረ። ጋሼ እጁ ላይ የቀረውን አየ። ያየው ለአፍታ ነው። ባንዳው ጠመንጃውን አዞረና ተኮሰ።

ባንዳውን ማን እንደገደለው አላውቅም። እኔ አይደለሁም። እኔ ከጋሼ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር። ሆዱን ይዟል።

«ተማሪው… ምን ሆነ?» አለኝ። ስለ ገጀራው ነው የሚጠይቀኝ። ቁራጩን ከመሬት ላነሣለት እጄን ስዘረጋ ሞተ።

አምስት ጠመንጃ ማረክን። ከእኛ ሦስት ሰው ሞተ፦ ወንድሜ ደምሴ፣ ከበደ የሚባል የደብረ ሲና ልጅ፣ የቀወቱ አሊ። ተሸክመናቸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈራችን ደረስን።

ባላምባራስ የተሰበረውን ገጀራ አገላብጦ አየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ የሙሄ ሥራ ነው። አውቆ ነው ያበላሸው። ለጣልያን አድሯል» አለ። አንዱ ቀጠለ፤ «ድሮም ቀጥቃጭ ዓይኑ ደግ አይደለም» አለ። ሌላው በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ሰኞ ጠዋት ከሾላው ሥር የጮኹት፣ ሽማግሌው ሲለምን በጆሯቸው የሰሙት ሰዎች ናቸው። አንድም ሰው አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። እያለቀስኩ ነበር፤ ግን ለቅሶ ምክንያት አይሆንም።

ለእናንተ፣ ያን ዘመን ላላያችሁት የምጽፈው ለዚህ ነው። ጠላት ወንድሜን ገደለ፤ ልንገድለው ሄደን ነው የገደለን። ያንን ተሸክሜዋለሁ። ልሸከመው ያልቻልኩት የማክሰኞውን ማታ ነው። በእንግዳ ፊት ላለማፈር ሲል ሦስት ምት የከለከለ ሰው፣ የወንድሜ ደም ሳይደርቅ፣ ጥፋቱን በለመነው ሽማግሌ ላይ ጫነ። ሽማግሌው ቀጥቃጭ ስለሆነ ሁሉም አመነ። የማመን ጉዳይ አይደለም፤ ቀለላቸው። ዛሬም ድረስ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀበርን። ጋሼንና ከበደን በአቅራቢያችን ባለ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ አሊን ከወገኖቹ ጋር። ሦስቱም ጉድጓድ ላይ ቆፍሬያለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ተሰብሰቡ ተባለ። ጋሽ ሙሄን እጁን በጠፍር የኋሊት አስረው አመጡት። ጥምጣሙ ወልቋል። ማንንም አልሰደበም፤ ወደ መሬት እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ባላምባራስ ጠራኝ። ከተማረኩት ጠመንጃዎች አንዱን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ወንድሜን የገደለው ጠመንጃ ነው።

«የወንድምህ ድርሻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። ጎርሷል። ደምህን መልስ።»

ተቀበልኩት። ስንት ወር የተመኘሁት ነገር ነው። እንጨቱን አየሁት፤ ገጀራው ያረፈበት ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አለች። ሌላ ምልክት የለውም።

«ሰኞ ጠዋት አልተፈተነም ብሎ ነበር» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «አልተፈተነም አለ። ሦስት ምት ብሎ ለመነ። የከለከሉት እርስዎ ነዎት፣ ባላምባራስ። ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እናንተም ሁላችሁ ነበራችሁ።»

«ሐዘኑ ነው የሚያናግረው፤ ያዙት» አለ ባላምባራስ።

«ሐዘን አይደለም። ዛሬ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። አራተኛ አልቆፍርም።»

ሊይዘኝ የመጣ ሰው አልነበረም። ጠመንጃውን ባላምባራስ እግር ሥር አስቀመጥኩ፤ አልወረወርኩትም። ከጋሽ ሙሄ በስተኋላ ሄጄ ተንበረከክኩ። ጠፍሩ እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ ጠብቋል፤ በጣቶቼ አልላላ አለኝ። ከኋላዬ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

«ቀስ በል ልጄ፣ እጄ ደንዝዞኛል» አለኝ ጋሽ ሙሄ።

በጥርሴ ፈታሁት።