ሻሼን አርብ አርብ አትጠቧት

መጀመሪያ ያየሁት ዓይኗ ዙሪያ ጸጉሯ መርገፉን ነው። ከዚያ ጥፍሯ ያለ ልክ ረዘመ፤ ሥጋዋ አለቀ። ምን ነካት ስል አንድ ማለዳ አፍንጫዋ ደማ።

ሻሼ የእናቴ ውሻ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ፣ ጊሎ ሰፈር ባለው ቤታችን እማዬን ከአልጋ የምታስነሳት እሷ ናት። ሻሼ ከሞተች እማዬም ትከተላታለች ብዬ ፈራሁ።

ከኢትዮጵያ መንገድ ወጣ ብሎ፣ ሃነቪኢም ጎዳና ላይ ያለው የእንስሳት ሐኪም ደም ወሰደ። ሌይሽማንያሲስ ነው አለ፤ የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስገባው ጥገኛ ተውሳክ፣ የካላዛር ዘመድ። እማዬ ካላዛር የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ወንድሟ ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ በዚያው በሽታ ነው የቀረው።

"ኩላሊቷን ነክቶት ከሆነ ተስፋ የለውም" አለ ሐኪሙ።

ውጤቱን ጠበቅን። እማዬ እህል አልቀመሰችም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሳለሁ።

እኔ ደግሞ ተናደድኩ። የዝንብ ማባረሪያውን ጠብታ በየወሩ አደርግላት የለም እንዴ! መድኃኒታችሁ ውሸት ነው ብዬ ሐኪሙ ላይ ጮኽኩ።

"ገላዋን መቼ ነው የምታጥቧት?" አለኝ ረጋ ብሎ።

ዕብራይስጡን ለእማዬ ተረጎምኩላት። "አርብ አርብ ነዋ! ሰንበት በእድፍ ይገባል እንዴ?" አለች። ልብሱም ሰዉም ወለሉም ሲታጠብ ሻሼም በሳሙና ትፈተጋለች። ጠብታው ከሳሙናው ጋር ሲሄድ ኖሯል። እማዬ "እኔው ገደልኳት!" ብላ ደረቷን መታች።

ኩላሊቷ ደህና ሆኖ ተገኘ። ተመስገን! አሎፑሪኖል የሚባለውን ክኒን ዳቦ ውስጥ ሸሽገን እየሰጠናት፣ ጸጉሯ ቀስ እያለ በቀለ፤ ከዚያም ደረጃውን እማዬን ቀድማ መውረድ ጀመረች። ተውሳኩ ግን ጨርሶ አይወጣም ተብለናል። ስለዚህ ዛሬም አፍንጫዋን ሳላይ አልወጣም።

ውሻ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠብታውን ጸጉሩን ገልጣችሁ ቆዳው ላይ አድርጉት። ከዚያ በፊትና በኋላ ምን ያህል ጊዜ ሳይታጠብ እንደሚቆይ ሐኪም ጠይቁ። የውሻውን ጠብታ ድመት ላይ እንዳታደርጉ፤ ይገድላታል። ሲመሽ ውሻችሁን ወደ ቤት አስገቡ። ያንን ሐኪም፣ ጩኸቴን ችሎ ያከመልንን፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ባለፈው አርብ ጎረቤታችን አፍንጫዋን ይዛ "ይቺ ውሻ ሸተተች እኮ" አለች።

"ትሽተት!" አለች እማዬ። "ብቻ ትኑርልኝ።"