«ልዩ ልዩ» ብዬ ያስጻፍኩት ሕመም

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ። ጂንካ በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ያኔ በጣም ያፈርኩበት ነገር ነው፤ ግን ዛሬ በሕይወት ያለሁት በዚያ ምክንያት ስለሆነ አልረሳውም።

በግራ ጡቴ ውስጥ ሽምብራ የሚያህል እብጠት ካገኘሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ለባለቤቴም አልተናገርኩም። ከአዲስ አበባ ሐኪም መጥቶ ሁለት ቀን ብቻ እንደሚቆይ ሲነገር፣ በሽተኛው ብዙ ነውና የምናገረውን አስቀድሜ ልጽፍ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥኩ።

አንድ ቃል ሳልጽፍ ታይፒስታችን ማርታ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ለዶክተር በእጅ ጽሑፍ? ተይ እንጂ! ንገሪኝ፣ እኔ እመታልሻለሁ።»

ማርታ የሰማችውን ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ራስ ምታት፣ ቃር፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ እንቅልፍ ማጣት ብዬ አምስት ቆጠርኩላት። ስድስተኛው እብጠቱ ነበር፤ እሱን ለማርታ አልነግርም። በመጨረሻ በየስብሰባው አጀንዳ ግርጌ የምጽፈውን አልኳት፤ «ልዩ ልዩ»።

መታችው። «ግልባጭ ለማን ልበል? ለባልሽ?»

«ለማንም!» አልኩ። ጮኬ ኖሯል፤ ደንግጣ አየችኝ።

በማግስቱ የሚግጡት ላሞች አውሮፕላኑ እንዲያርፍ ከሜዳው ሲባረሩ ሐኪሙ መድረሱን አወቅን። ወጣት ነው። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ማርታ «ለጓድ ዶክተር፤ ጉዳዩ፦ ሕመምን ስለማሳወቅ» ብላ ጀምራዋለች።

«ማኅተም የለውም እኮ» አለኝ።

አምስቱን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ስድስተኛው ላይ አሳረፈ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ እንኳ ምንም አይደል። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«እህቴ፣ እኔም ስብሰባ እቀመጣለሁ። ሌላው አጀንዳ በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ዋናው ነገር የሚነሳው ልዩ ልዩ ላይ ነው። ይንገሩኝ።»

ሳቄ መጣ። እየሳቅሁ ነገርኩት። እሱ ግን ከዚያ በኋላ አልሳቀም። መረመረኝና ለአዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ቀጠሮ እስኪያገኙ ብለው እንዳይቆዩ» አለኝ።

ባለቤቴ የሰማው ያን ቀን ማታ ነው። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ አብሮኝ ሄደ። እብጠቱ ወጣ። ያወጡልኝ ሐኪም ጥቂት ወራት ብዘገይ ኖሮ አልተርፍም ነበር አሉ።

ስመለስ ማርታ አኮረፈችኝ። «ዋናውን ደብቀሽ አምስት መስመር ሙሉ ቃርና ጉልበት ታስመቺኛለሽ! እኔ ወሬኛ ነኝ እንዴ?» አለች። ነሽ አላልኳትም።

አሁን አርጅቻለሁ። ሐኪም ዘንድ ስገባ ወረቀት አልይዝም። ለመናገር የማፍርበትን ነገር በሩ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። አብራኝ የምትሄደው ልጄ ናት የምታፍረው።

«እማዬ፣ መጀመሪያ እንኳ ጤና ይስጥልኝ በይ እንጂ» ትለኛለች።